ኒኮቲኑ በ3 ቀን ከወጣ ሐራራው ከየት ይመጣል?

ሲጋራ ስለ ማቆም በሚወራበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ክር፣ ማለትም ሰው እየተቀባበለ የሚጽፍበት ውይይት፣ ተከፈተ። ክሩን የከፈተው ሰው አልጠየቀም፤ ፈረደ። ኒኮቲን በደም ውስጥ በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ ሲጋራ ባቆሙ በ3ኛው ቀን ይህ ነው የሚባል ነገር እንደማይቀር አስልቶ፣ ከዚያ ወዲያ መልሶ የሚለኩስን ሰው የከዳው ሰውነቱ ሳይሆን ወኔው ነው አለ። ሲጋራ ለሚያቆም ሰው ኒኮቲን በጥቂቱ የሚሰጡትን ማስቲካና ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተርንም ሱስን ማስታመሚያ ናቸው ብሎ አጣጣላቸው። አነጋገሩ ኮምጠጥ ያለ ስለነበር ሰው ተሰበሰበ፣ 23 መልስ ተጻፈ። ቁም ነገሩ ከንትርኩ ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ በተራ ቁጥራቸው እያነሳሁ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላስቀምጥ፤ የማልፈውንም አልፋለሁ።

1ኛው መልስ በትህትና የተጻፈ እርማት ነው። ስሌቱ ልክ ነው ይልና፣ ኒኮቲን ሲሰባበር የሚፈጠረው ኮቲኒን በግማሽ ለመቀነስ ከ16 እስከ 20 ሰዓት ስለሚፈጅ ምርመራ ላይ ለቀናት እንደሚታይ ይጨምራል። የክሩ ከፋች ደሙን ሲያሰላ አንጎሉን ረስቷል። ለረጅም ጊዜ ያጨሰ ሰው አንጎል ኒኮቲን የሚቀበሉ መቀበያዎቹን ያበዛቸዋል፤ ቁጥራቸው ወደማያጨስ ሰው ልክ እስኪመለስ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። መነጫነጩ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ረሃቡና የስሜት መውደቁ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይከፋል፤ ከዚያ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። በ10ኛው ቀን ላይ ያለን ሰው ወኔ የለህም ማለት እንግዲህ የሂሳብ ስህተት ነው ብሎ ይዘጋል።

2ኛው የክሩን ከፋች ደግፎ የገባ ነው። የፈለገ ያቆማል፣ ያልፈለገ ሰበብ ይደረድራል ከማለት ያለፈ ነገር የለውም።

3ኛው የክሩ ረጅሙ መልስ ሲሆን፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ ዋናውም እሱ ነው። ሐራራን ሁለት አድርጎ ይከፍለዋል። አንዱ ቀኑን ሙሉ ከጀርባ የሚያጉረመርመው ነው፤ 1ኛው መልስ የገለጸው ይህንን ነው፣ በሳምንታት ውስጥ ይለዝባል። ሌላው ቀስቃሽ ይፈልጋል፦ ምግብ ተበልቶ ሲያልቅ፣ ቡና ሲቀርብ፣ ስልክ ሲነሳ፣ ከሰው ጋር ሲጋጩ፣ ተራ ሲጠብቁ። እነዚህ ሰዓቶች ለዓመታት ከሲጋራ ጋር አብረው ስለኖሩ፣ ኒኮቲኑ ከሰውነት ወጥቶ ከከረመ በኋላም፣ በ3ኛው ወር ይሁን በ8ኛው፣ ድንገት ሲጋራ ውል ያሰኛሉ። የክሩ ከፋች ወኔ የከዳቸው ብሎ የፈረደባቸው ሰዎች በአብዛኛው እዚህ ላይ የወደቁ ናቸው።

እንዲህ ያለው ሐራራ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ይበርዳል፤ ከ10 ደቂቃ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ተጨሰም አልተጨሰም ይበርዳል። ሰው ግን በመሃሉ ስለሚለኩስ ያበረደለት ሲጋራው ይመስለዋል። ጸሐፊው የ5 ደቂቃውን አሠራር ደረጃ በደረጃ አስቀምጧል። ሐራራው ሲነሳ መጀመሪያ ሰዓት ማየት። ከዚያ ከተቀመጡበት መነሳት፣ ከበረንዳ ወደ ውስጥም ይሁን ከጠረጴዛ ወደ ደጅ፣ ብቻ ቦታ መለወጥ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ስቦ በአፍ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ ይህንኑ ከ8 እስከ 10 ጊዜ መደጋገም። ውሃ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት፣ እጅን ሥራ አለማስፈታት። መጨረሻ ላይ እንደገና ሰዓት ማየት። ይህ ሁለተኛው እይታ ለምን እንዳስፈለገ ሲያስረዳ፣ ሐራራው ማለቁን በዓይኑ ያላየ ሰው ለሚቀጥለው ጊዜ የሚይዘው ማስረጃ የለውም ይላል። ቀስቃሹ የሚዳከመው ሳይጨስ ባለፈ ቁጥር ነው፤ ከ10 አንዴ መለኮስ ግን አንጎል ተስፋ እንዳይቆርጥ ስለሚያደርገው ልማዱን ጭራሽ ያጠነክረዋል።

4ኛው 3ኛውን እያመሰገነ ያርመዋል። ውሃውና አተነፋፈሱ አይጎዳም፤ ሐራራን ወዲያው በመቀነስ ረገድ የተሻለ ማስረጃ ያለው ግን ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። በዚያ ላይ ሐራራው ከተነሳ በኋላ ምን ላድርግ ብሎ ማሰብ መጀመር ዘግይቶ መድረስ ነው፣ ያን ጊዜ ጭንቅላት የሚያመጣው ሐሳብ አንድ ብቻ ነውና። ስለዚህ ከማቆሚያው ቀን በፊት ለአንድ ሳምንት እያንዳንዷ ሲጋራ በስንት ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋርና ከምን በኋላ እንደተጨሰች ይመዝገብ። ከዝርዝሩ ውስጥ ለብርቱዎቹ አምስት ስድስት ሰዓቶች ለየብቻ ምላሽ ይጻፍላቸው፦ እራት እንዳለቀ ወዲያው ተነስቶ ጥርስ መቦረሽ፤ ስልክ ሲጠራ እየተራመዱ ማውራት፤ ሥራ ቦታ እረፍት ሲወጣ አጫሾቹ ከሚቆሙበት በር በሌላው መውጣት። ጠንካራ እሆናለሁ ብሎ መጻፍ ውሃ አያነሳም፤ ሰዓት፣ ቦታና ድርጊት መኖር አለበት። የቤት ጽዳቱንም አልረሳም፦ መተርኮሻው፣ ላይተሩ፣ የመኪናው ኪስ፣ ክረምት የሚለበሰው ካፖርት። ለክፉ ቀን ተብላ የምትቀመጥ አንዲት ፍሬ ሲጋራ ክፉውን ቀን ራሷ ትጠራዋለች የሚል ነገር ጨምሯል፤ ደስ የሚል አባባል ነው፣ እውነትም ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ወሬው ወደ መድኃኒቱ ዞረ። 5ኛው ያጉረመረመ ነው፦ የኒኮቲን ማስቲካ ስቅታ ያመጣል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሆድ ይረብሻል፣ ሐራራውን ደግሞ አይነካውም፤ ገንዘብ መጣል ነው። 6ኛው መለሰለት፤ ማስቲካ ለሚጠቀም ሰው ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በክሩ ውስጥ የለም። አራቱም ቅሬታዎች ከአንድ ስህተት የመጡ ናቸው፣ ማስቲካውን እንደ ማንኛውም ማስቲካ ከማኘክ። ኒኮቲኑ ወደ ደም የሚገባው በአፍ ውስጥ ቆዳ በኩል ነው። ቶሎ ቶሎ ሲታኘክ ምራቅ ይሞላል፣ ኒኮቲኑ ከምራቁ ጋር ይዋጣል። የተዋጠው ሆድን ይቆጠቁጣል፣ ስቅታ ያስነሳል፤ አብዛኛውንም ጉበት ገና ወደ አንጎል ሳይደርስ ይሰባብረዋል። ትክክለኛው አያያዝ በርበሬ በርበሬ የሚል ጣዕም ወይም የመንዘር ስሜት እስኪመጣ ቀስ ብሎ ማኘክ፣ ከዚያ ማቆምና በጉንጭና በድድ መካከል ወሽቆ መተው ነው። መንዘሩ ሲጠፋ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ማለት ነው፣ እንደገና ጥቂት አኝኮ ወደ ሌላው ጉንጭ ማዛወር። አንዷ ማስቲካ እንዲህ እየተባለች 30 ደቂቃ ትቆያለች።

መጠኑንም አስቀምጧል። ከእንቅልፉ በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ባለ4 ሚሊግራሙን፣ ከዚያ የሚዘገይ ባለ2ውን ይውሰድ። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ አንድ፣ ከ7ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት በየ2 እስከ 4 ሰዓቱ፣ ከ10ኛው እስከ 12ኛው በየ4 እስከ 8 ሰዓቱ፤ በቀን ከ24 አይበልጥም። ቡና፣ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ አፍን አሲዳማ ስለሚያደርጉ ኒኮቲኑ በደንብ እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ከማስቲካው 15 ደቂቃ በፊትና ማስቲካው አፍ ውስጥ እያለ መጠጣት የለባቸውም። አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ጭስ ተስቦ ኒኮቲኑ አንጎል እስኪደርስ የሚፈጀው ሰከንዶች ነው፣ ማስቲካው ግን ደቂቃዎች ይፈልጋል። ሐራራው ከደረሰ በኋላ ማስቲካ መፈለግ ስለዚህ ብዙ አይረዳም፤ ሰዓት ጠብቆ አስቀድሞ መያዝ ነው።

7ኛው ስለ ፕላስተር ጻፈ፦ በንጹሕ፣ በደረቅና ፀጉር በሌለው ቆዳ ላይ፣ ከወገብ በላይ ወይም በላይኛው ክንድ፤ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ በመዳፍ መጫን፤ በየቀኑ ቦታ መቀየር፣ አንድ ቦታ ላይ ከሳምንት በፊት አለመመለስ። መጠነኛ ማሳከክና መቅላት ያለ ነው፤ የሚያብጥ ወይም ሽፍታው የሚስፋፋ ከሆነ ግን ይነሳ። ቅዠት የሚያበዛበት ሰው ሲተኛ ሊያነሳው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ጠዋት የተለጠፈው እስኪሠራ ሰዓታት ስለሚፈጅ ሰውየው በጣም በሚፈልጋት ሰዓት ባዶ እጁን ይቀራል። 8ኛው ይህንን ክፍተት ደፈነ። ጠዋት እንደነቁ ፕላስተሩን ለጥፎ ወዲያው ማስቲካ መያዝ ነው መፍትሔው፤ ፕላስተሩ የቀኑን ማጉረምረም ይይዛል፣ ማስቲካው ድንገተኛውን። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም መርዝ ይሆናል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ እንዲያውም ከአንዱ ብቻውን የተሻለ ውጤት ያለው ጥምረቱ ነው። ከመጠን ሲያልፍ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ የልብ ቶሎ ቶሎ መምታትና ቀዝቃዛ ላብ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ይቀነሳል። በተግባር ሰዎችን የሚጥላቸው ግን ማብዛት ሳይሆን ፈርቶ ማሳነስና በ3ኛው ሳምንት ደህና ነኝ ብሎ መተው ነው።

9ኛው ላይ የክሩ ከፋች ተመልሶ መጣ፣ ቁጣውም ጨምሯል። ይህ ሁሉ ሱስን በሌላ ዕቃ መገልበጥ ነው፤ ኒኮቲን ኒኮቲን ነው፤ የሚያቆም ሰው ያቆማል አለ።

10ኛው ትህትናውን ትቶ ነው የመለሰው። ኒኮቲን ያስራል፣ የሚገድለው ግን ጭሱ ነው፦ ታሩ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ ሲቃጠል የሚፈጠሩት ካንሰር አምጪ ነገሮች። ፕላስተር ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን መተኪያዎችን በ2009፣ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የተባሉትን ማጨስ ማስቆሚያ ክኒኖች ደግሞ በ2021 አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው የሰው ወኔ ጠፍቶበት አይደለም። ያለ ምንም እርዳታ ከሞከሩት መካከል ከ6 ወር እስከ ዓመት ድረስ ሳያጨሱ የሚዘልቁት ከ100 ከ3 እስከ 5 ብቻ ናቸው፤ ወኔ ብቻውን የሚያስገኘው ይህንን ነው አለው። መልሱ ሲበዛ ተናዳፊ ነው፤ ያም ሆኖ ቁጥሩን የተከራከረበት ሰው አልተገኘም። አንድ ነገር ላይ ብቻ ለክሩ ከፋች ፍትሕ ሰጥቶታል፦ በአንድ ቀን ቆርጦ ማቆም ቀስ በቀስ ከመቀነስ የተሻለ ነው። በ2016 በወጣ ጥናት በአንድ ጊዜ ካቆሙት መካከል ከ4 ሳምንት በኋላ ሳያጨሱ የተገኙት 49 በመቶ ሲሆኑ፣ እየቀነሱ ካቆሙት ደግሞ 39 በመቶ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች ግን መድኃኒትና ምክር ነበራቸው።

11ኛው ማንም ያላነሳውን አነሳ፣ ቡናን። የትምባሆ ጭስ ጉበት ካፌይንን የሚያስወግድበትን ኢንዛይም ያነቃቃዋል። ሲጋራው ሲቆም ኢንዛይሙ በቀናት ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ያው የለመዱት ቡና በደም ውስጥ እጥፍ ያህል ካፌይን ያስቀምጣል። ሰውየው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ይህንን ሁሉ ሐራራ ያመጣው ይመስለውና ያጨሳል። ከማቆሚያው ቀን ጀምሮ ቡናን በግማሽ መቀነስ ነው። ይህ በፕላስተር አይቀየርም፣ ኢንዛይሙን የሚያነቃቃው ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ ነውና። በዚሁ ምክንያት ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን (የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች) ወይም ቲዮፊሊን (የአስም መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ሲጋራ ከማቆሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪንን ወይም ኢንሱሊን ለሚወስዱትም ክትትል ያስፈልጋል።

12ኛው አመስግኖ ስለ እንቅልፍ ጠየቀ፣ 13ኛው ከመኪና መቀመጫ ላይ የሲጋራ ሽታ በምን እንደሚለቅ ጠየቀ፤ ክሩ ለአፍታ ወደ መጋረጃና ምንጣፍ አጠባ ሄደ። 14ኛው በክብደት ጥያቄ መለሰው። በአማካይ በመጀመሪያው ዓመት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨመራል፣ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት። ኒኮቲን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ሰውነት የሚያቃጥለውን ጉልበትም ይጨምራል፤ ሲጋራው ሲቆም ሁለቱም ስለሚቀሩ ነው። በዚህ ወቅት ጥብቅ የምግብ ቅነሳ መጀመር አይመከርም፤ ረሃብና ሐራራ ተመሳስለው ስለሚመጡ ሰውየው ሁለት ጦር ሜዳ ይከፍታል። መቆጣጠር የሚገባው መክሰሱን ነው። 15ኛው ጣፋጭ ለምን እንደሚያምር ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ 16ኛው ሆድ ድርቀት፣ የአፍ ቁስልና ለጥቂት ሳምንታት የሚጨምር ሳል የሚጠበቁ መሆናቸውን ነግሮ አለፈ።

17ኛው ቬፕን (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን) አመጣ፣ ክሩም ተቀጣጠለ። ኒኮቲን ያላቸው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች ከፕላስተርና ከማስቲካ ጋር ሲወዳደሩ ብዙ ሰው ያስቆማሉ የሚል የጥናት ግምገማ ጠቅሶ፣ ይህ የማይነገረው ለምንድን ነው ሲል ጠየቀ። 18ኛው ስድብ ቀረሽ በሆነ ቃል ተነሳበት፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው የሕክምና መመሪያ ውስጥ አላካተታቸውም፤ ብዙ ሰው ሲጋራውን ሳይተው ቬፑን ይደርብበታል፤ የረጅም ጊዜ ጉዳቱም ገና አልታወቀም። ሁለቱ የተናገሩት እርስ በርስ አይጣረስም፤ አንዱ ስለ ማስቆም አቅም፣ ሌላው ስለ ደህንነትና ስለ አጠቃቀም ነበር የሚያወራው። 19ኛው የመድረኩ አስተናጋጅ ነው፤ ስድቡን አነሳ፣ ርዕሱን መለሰ።

20ኛው 9ኛውን እያሰበ የጻፈ ይመስላል፣ ስለ መንሸራተት ነው። አንዲት ሲጋራ ማጨስ አንድ ነገር ነው፣ ወደ ማጨስ መመለስ ሌላ ነገር። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በመካከል የሚመጣው ሐሳብ ነው፦ አንዴ ከተበላሸ ፓኮውን ልጨርሰው። ይህንን ሐሳብ የሚያሳድገው ደግሞ ወኔ የለህም የሚለው ፍርድ ነው። የተንሸራተተ ሰው የያዛትን በመሃል ያጥፋ፣ የቀረውን ውሃ ነክሮ ይጣል እንጂ ለሰው አይስጥ፣ በዚያው ዕለት የት፣ ከማን ጋርና ከምን በኋላ እንደሆነ ይጻፍ። ፕላስተሩን ማንሳት አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው አንዴ ስላጨሰ ያነሳዋል፣ ያኔ ነው በእርግጥ የሚወድቀው። መንሸራተት የሚበዛው ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው፣ አልኮልና አጠገብ የሚያጨስ ሰው፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለቱን አንድ ላይ አለማግኘት።

21ኛው ስለ ተነሳሽነት ጻፈ። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በ1 ወይም 2 ቀን ከደም ይወጣል፤ በአጫሽነት የመጣው ተጨማሪ የልብ በሽታ አደጋ በአንድ ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ የሳንባ ካንሰር አደጋ ከ10 ዓመት በኋላ ማጨሱን ከቀጠለ ሰው በግማሽ ያህል ያንሳል። የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለረጅም ዘመን የተከታተለና በ2004 የወጣ ጥናት በ30፣ በ40፣ በ50 እና በ60 ዓመታቸው ያቆሙት እንደ ቅደም ተከተላቸው 10፣ 9፣ 6 እና 3 ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳተረፉ አሳይቷል። ይሁን እንጂ የ10 ዓመት ጥቅም ዓርብ ማታ ላይ ማንንም አይይዝም፤ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ማበረታቻው የሚነጥፈው በ4ኛውና በ6ኛው ሳምንት መካከል ነው፦ ሕመሙ ቀሏል፣ ጎሽ የሚለው ሰው ጸጥ ብሏል፣ አንዷ ምን ታመጣለች የሚለው ወሬ ይጀምራል። ለዚያ ሰሞን የሐኪም ወይም የአማካሪ ቀጠሮ አስቀድሞ ማስያዝ፣ ከሲጋራ የተረፈውን ገንዘብም ለዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን ለ4ኛው፣ ለ8ኛውና ለ12ኛው ሳምንት ለሚገዛ የተወሰነ ነገር መመደብ ይሻላል ይላል።

22ኛው የክሩ ከፋች ነው። የቀደመውን አላነሳም፣ አልመለሰምም፤ በቀን 30 የሚያጨስና ከአልጋው ሳይወርድ የሚለኩስ ሰው ከምን ይጀምር ሲል ብቻ ጠየቀ። 23ኛው ያለ ምንም ነቀፋ መለሰለት። እንዲህ ያለ ሰው ከሁለት አንዱን ከሐኪም ጋር ይምረጥ። አንደኛው ቫሬኒክሊን ነው፤ ከማቆሚያው ቀን ሳምንት አስቀድሞ ይጀመራል፣ ለ3 ቀን 0.5 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን 0.5 ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ 1 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ እስከ 12 ሳምንት። ከምግብ በኋላ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ካልተወሰደ ያቅለሸልሻል፤ የኩላሊት ችግር ያለበት መጠኑ ይለያል። ሁለተኛው ጥምረቱ ነው፦ ባለ21 ሚሊግራም ፕላስተር ለ6 ሳምንት፣ ባለ14 ለ2 ሳምንት፣ ባለ7 ለ2 ሳምንት፣ ከባለ4 ሚሊግራም ማስቲካ ጋር። ከአልጋ ሳይወርድ ለሚለኩስ ሰው ፕላስተሩ ሌሊቱንም ይቆይ፣ ማስቲካውም ከራስጌው አይጥፋ። ወደ 14 ሲወርድ ሐራራው ካገረሸ ወደ 21 ተመልሶ አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንደገና መሞከር ነው። የተነሳው ፕላስተር አሁንም ኒኮቲን ስላለው፣ የሚጣበቀው ወገን ወደ ውስጥ ታጥፎ ሕፃናትና እንስሳት የማይደርሱበት ቦታ ይጣል።